«ጠንካራውን አምጣልኝ»፦ የሞዴል መቁረጫ ማሽን፣ እውነት ወይስ ተረት?

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደወለልኝ። «ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ። አራት ዓይነት አለ። የትኛውን ላምጣልህ?»

«ጠንካራውን» አልኩት፤ ለአፍታም አላመነታሁ። የሕንፃ ሞዴል በከተር ስቆርጥ ጣቴ ላይ ስንት ፕላስተር እንዳለቀ የማውቀው እኔ ነኝ። ጠንካራ ማሽን ከመጣ ወፍራሙን ካርቶን እንደ ጎመን ይቀረድድልኛል ብዬ ተማምኛለሁ።

ማሽኑ መጣ። የመጀመሪያው ሥራዬ በ1:100 የሚሠራ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ነበር፤ ግድግዳው 2 ሚሊሜትር ካርቶን፣ መስኮቶቹ 12 ሚሊሜትር። ማሽኑ ያንኑ መስመር እየደጋገመ ሲመላለስ ከምሳ በኋላ የጀመርኩት ሥራ ለመክሰስ ቡናም አልደረሰ። በመጨረሻ ያወጣሁት ግድግዳ የመስኮቶቹ ጥግ የተላጠ፣ በሁለት መስኮቶች መካከል ያለችው ቀጭን ዘንግ ከነቢላው ተነቅላ የሄደች ሆነ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም «ጠንካራውን» ያልኩ ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማሽን ሊገዙ ያሰቡ የአርክቴክቸር ተማሪዎችና እንደኔ በትርፍ ጊዜያቸው ትንንሽ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ ያንኑ የኔን ተረት ሲደግሙት እሰማለሁ። ለማያውቀው፦ የምናወራው ፕሪንተር ስለሚመስሉት፣ በቀለም ፈንታ ትንሽ ቢላ ስላላቸው የጠረጴዛ ማሽኖች ነው። ወረቀቱን የሚያጣብቅ ምንጣፍ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ኮምፒውተሩ መስመሩን ይሰጠዋል፣ ማሽኑ ይቆርጣል። በገበያው የታወቁት ክሪከት፣ ሲሉዌት ካሜዮና ብራዘር ስካን ኤን ከት ናቸው። በዋናነት የተሠሩት ስቲከር፣ የቲሸርት ጽሑፍና የሰላምታ ካርድ ለሚቆርጥ ሰው ነው። ማስታወቂያው የሚናገረውም ለእሱ ነው፤ ለግድግዳና ለመስኮት ሰው አይደለም። ብዙው ተረት የሚወለደው ከዚህ ነው።

ተረት፦ ግፊቱ የበለጠ ማሽን ለሞዴል የተሻለ ነው

በማስታወቂያ ላይ በግራም የሚጻፈው ቁጥር ቢላው ወደ ታች የሚጫንበት ኃይል ነው። ክሪከት ሜከር በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ እስከ 4 ኪሎ ግራም የሚደርስ ግፊት እንዳለው ተነገረለት፤ ኤክስፕሎር የሚባለው ወንድሙ ከዚያ አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። ካሜዮ 4 ደግሞ ሁለት የቢላ ቤት አለው፤ አንዱ 210 ግራም፣ ሌላው 5 ኪሎ። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ሜከር ልዩ ቢላ ከተገጠመለት እስከ 2.4 ሚሊሜትር የሚደርስ ስስ ባልሳ ይቆርጣል።

ችግሩ ያለው ማስታወቂያው በማይነግራችሁ ቦታ ነው። ያ ወፍራም ቢላ ለትንሽ ቅርጽ አልተሠራም። አምራቹ ራሱ ከ19 ሚሊሜትር ያነሰ ቅርጽ በእሱ እንዳትቆርጡ ይመክራል። አሁን እናስላ። 1.20 ሜትር ስፋት ያለው የተለመደ መስኮት በ1:100 የሚሆነው 12 ሚሊሜትር ነው። በ1:87፣ ማለትም በብዙ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች መለኪያ፣ 14 እንኳ አይሞላም። 19ን የሚያልፈው በ1:50 ስትሠሩ ብቻ ነው፤ 24 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ለብርታቱ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈላችሁበት ቢላ ትልቁን ውጫዊ መስመር ይቆርጥላችኋል፤ አብዛኛውን መስኮት ግን አይቆርጥላችሁም። እሱንም የሚቆርጠው በአንድ ጉዞ አይደለም፤ እየተመላለሰ፣ በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እየፋቀ ነው። በዚህ መሀል ካርቶኑ ከምንጣፉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ከተንሸራተተ ሥራው አለቀለት።

እውነቱ ይህ ነው፦ የግድግዳ ውፍረት የሚመጣው ከሙጫ ነው። ሃያ ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ በ1:100 የሚሆነው 2 ሚሊሜትር ነው። 300 ግራም የሚባለው ካርድ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አምስት ንብርብር ስትለጥፉ ግድግዳችሁን አገኛችሁ። እያንዳንዱን ንብርብር ርካሹ ማሽን እንኳ በአንድ ጉዞ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ንጹሕ አድርጎ ይቆርጠዋል።

ንብርብሩ ደግሞ ለመቁረጥ ከመቅለሉም በላይ የተሻለ ቤት ይሠራል። የውጪው ካርድ ላይ መስኮቱን በትክክለኛ ልኩ ትከፍታላችሁ፤ ከኋላው ያለውን ካርድ ትንሽ ታጠብባላችሁ፣ እሱ ፍሬሙ ይሆናል፤ ከዚያ ግልጽ ፕላስቲክ፤ ከዚያ የውስጥ ግድግዳ። መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጥላ ሲጥል ታያላችሁ። ከአንድ ወፍራም ካርቶን የተቆረጠ ግድግዳ ይህን ጥላ አይሰጥም፤ መስኮቱ የተበሳ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ሞዴል መሥራት የጀመርኩት ይህን ከተማርኩ በኋላ ነው። ሕንፃው ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ሞዴሉ ግን ከታች ወደ ላይ በንብርብር ይነሣል። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት ሦስት መስቀሎች ለማሽኑ ሦስት ካርድ ናቸው፤ ቆርጦ መደራረብ ነው። የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ደግሞ ቅርጽ እንጂ ክፍት አይደሉም። ስለዚህ የውጪው ካርድ ብቻ ይቆረጣል፣ የኋላው ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሁሉ አራት ኪሎ ግፊት ምን ያደርግልኛል?

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በውሃ የሚሟሟው ነጭ ኮላ ካርድ ያጣምማል። ኮላ ከሆነ ያላችሁ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እስኪደርቅም በወፍራም መጽሐፍ ጫኑት። የኔን ሲጫን የኖረው አንድ የድሮ የስልክ ማውጫ ነው፤ ሌላ ጥቅም አልቀረለትም።

ተረት፦ ኮምፒውተር ላይ ሹል የሆነ ማዕዘን ካርድ ላይም ሹል ይሆናል

የነዚህ ማሽኖች ቢላ እንደ እርሳስ ጫፍ መሀል ላይ አልተቀመጠም። እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ ነው፤ ጫፉ ከሚዞርበት ዘንግ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ወደ ኋላ ቀርቶ እየተጎተተ ይሄዳል። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይህ አይታወቅም። ጥግ ላይ ሲደርስ ግን ቢላው ወደ አዲሱ አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ሲዞር ካርዱን ይጎትተዋል። ትልቅ ጥግ ላይ ምንም አይደለም። ሁለት ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ ግን ቢላው ዞሮ ሳይጨርስ ሌላው ጥግ ይደርሳል፤ አራት ማዕዘኑ ክብ ይሆናል ወይም ይላጣል።

በአክሱም ዘመን አሠራር ከመስኮቱ ጥግ ወጣ የሚሉት፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የአግዳሚ እንጨት ጫፎች ያስቸገሩኝ በዚህ ነው። አንዱ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ በ1:100 የሚደርሰው 2 ሚሊሜትር ነው። መፍትሔው ኃይለኛ ማሽን መግዛት አልነበረም። አዲስ ቢላ፣ ዝቅ ያለ ፍጥነትና ፕሮግራሙ ውስጥ ጥግ ላይ መስመሩን ትንሽ አሳልፎ የሚቆርጠው ማስተካከያ በቂ ሆኑ። እንዲያም ሆኖ ከሁሉም የተሻለው ዘዴ ሰነፍ የሚመስለው ነው፦ የዝንጀሮ ራሶቹን ከሌላ ካርድ ለብቻ ቆርጦ መለጠፍ።

ከዚህም የቀጠነውን ነገር አትቁረጡ፤ ሣሉት። አራት ሳንቲ ሜትር የብረት ፍሬም በ1:100 የሚሆነው 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከካርድ ተቆርጦ አይቆምም። ማሽኖቹ ግን በቢላው ፈንታ እስክሪብቶ ይይዛሉ። ማርከር አስይዛችሁ ፍሬሙን ግልጽ ፕላስቲክ ላይ አስሥሉት። ይህን ሥራ ከእጄ በመቶ እጥፍ አሳምሮ የሠራልኝ ያው ማሽን ነው፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ።

ተረት፦ ማሽኑ ካልበጠሰው አልቆረጠውም

ነጭ የፕላስቲክ ሉህ፣ ስታይሪን የሚባለው፣ ለሞዴል ግሩም ነገር ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነውን ተራ ማሽን ሙሉ በሙሉ አይበጥሰውም፤ ሰውም «አይችልም» ብሎ ያስቀምጠዋል። መበጠስ አይጠበቅበትም። መስመሩን ጫር ካደረገው በኋላ በእጃችሁ እጠፉት፤ እንደ ቸኮላት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ይኸው ጭረት ሳይሰበር ከቀረ የድንጋይ ወይም የጡብ መስመር ይሆናል። ሺህ ጡብ በእጅ ከመጫር ማሽኑ ይጫርላችሁ፤ እናንተ ሻይ ጠጡ።

ተረት፦ አዲሱ ሞዴል ሁለት እጥፍ ስለሚፈጥን ይሻላል

በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጡት ክሪከት ኤክስፕሎር 3 እና ሜከር 3 ፈጣኖች ናቸው፤ ያለ ምንጣፍም ረጅም ጥቅል ይቆርጣሉ። ያ ግን ለማሽኖቹ ተብሎ ለተዘጋጀ ልዩ ጥቅል ነው። የኛ ካርድ ምንጣፍ ላይ መለጠፉ አይቀርለትም፤ ትንሽ መስኮት ስንቆርጥም ራሳችን ፍጥነቱን እንቀንሳለን። አሮጌው በቅናሽ ከተገኘ ውሰዱት።

ተረት፦ የአውቶካድ ሥዕሌን ሰጥቼው እተኛለሁ

ይህ ተማሪዎቹን የሚያስለቅሰው ነው። የካድ ሥዕል ላይ ሁለት ክፍሎች የሚጋሩት ግድግዳ ብዙ ጊዜ መስመሩ ድርብ ነው። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ማሽኑ ግን ሁለቴ ይቆርጠዋል፣ ካርዱም ይቀደዳል። ድርቡን አጥፉ። ልኩም ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር ይዛባል። ከሥዕሉ አጠገብ 100 ሚሊሜትር ካሬ ሣሉና፣ ማሽኑ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ 100 መሆኑን አረጋግጡ። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ እኔን ግን ግማሽ ቀን አድኖኛል።

የፋይሉ ዓይነትም ከመግዛት በፊት መታወቅ አለበት። የሲሉዌት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃው ቅጂ ዲ.ኤክስ.ኤፍ ይከፍታል፤ ኤስ.ቪ.ጂ ለመክፈት ግን የሚከፈልበት ደረጃ ያስፈልጋል። የክሪከቱ ሁለቱንም በነፃ ይቀበላል።

ተረት፦ ወር በወር ካልከፈልክ ማሽኑ አይሠራም

ይህ ወሬ መነሻ አለው። ክሪከት በመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) የማይከፍሉ ተጠቃሚዎች በወር ከ20 በላይ የራሳቸውን ሥዕል እንዳይጭኑ ሊገድብ መሆኑን አስታወቀ። ተጠቃሚው ጮኸ፤ ኩባንያውም ሐሳቡን ተወ። የወር ክፍያው የሚገዛው የተዘጋጁ ሥዕሎችን ነው፤ የራሱን ሕንፃ የሚሥል ሰው አያስፈልገውም። ኔትወርክ በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ግን ሌላ ጥያቄ አለ። የክሪከት ፕሮግራም አካውንት ይፈልጋል፣ ከኢንተርኔትም ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። የሲሉዌት ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ብራዘር ደግሞ ራሱ ስካነር ስላለው፣ በእጅ የተሣለ ሥዕል አንብቦ ያለ ኮምፒውተር ይቆርጣል። ለእኔ ይህ ልዩነት ከግፊቱ ግራም ይበልጣል።

መብራትም እንደዚሁ። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ማሽኑ ግን መሀል ላይ ከጠፋ የት እንደደረሰ ይረሳል፣ ካርዱም ይጣላል። በንብርብር የሚሠራ ሰው የሚያጣው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እንደኔ በመጀመሪያው ቀን ወፍራም ካርቶን ላይ የተቀመጠ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ያጣል። ከአሜሪካ የሚመጣውን ማሽን አስማሚ ጀርባም አንብቡ፤ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ ይሠራል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት።

«ሌዘር እያለ ቢላ ምን ይሠራል?»

ሌዘር ወፍራም ኮምፖንሳቶ ይቆርጣል፣ ጥጉም ሹል ነው። ነገር ግን የወረቀት ጠርዝ ያጠቁራል፣ ጭስ ስላለው መኝታ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። በርካሽ የሚሸጠው የዳዮድ ሌዘር ግልጽ አክሪሊክ አይቆርጥም፤ ብርሃኑ በውስጡ ያልፋል። ፒ.ቪ.ሲ በሌዘር መቁረጥ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ፈጽሞ አይሞከርም። ነጭ ካርድ ለሚቆርጥ ሰው ቢላው ይበልጣል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። በ1:100 እና ከዚያ ባነሰ መለኪያ በካርድ ለሚሠራ ሰው መካከለኛው ማሽን ይበቃዋል፤ ኢንተርኔት የሚያስቸግረው ሲሉዌትን ወይም ብራዘርን ይይ። ትልቁን ማሽን የሚገዛው በ1:50 በባልሳ የሚሠራ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ የቆመ ዘመድ ከደወለላችሁ ደግሞ የግፊቱን ቁጥር አታስነብቡት። 300 ግራም ካርድ ላይ አንድ ሦስት ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቆርጠው እንዲያሳዩት ይጠይቅ፣ ጥጎቹንም በስልኩ አንሥቶ ይላክላችሁ።