ወይን በዲግሪ

በአሜሪካ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መግዛት አይፈቀድለትም። በካሊፎርኒያ ግን ወይን ጠጅ ጠመቃ የሚማር የ18 ዓመት ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ መሠረት፣ ክፍል ውስጥ ወይን መቅመስ ይችላል። መዋጥ ግን ክልክል ነው፤ አጣጥሞ መትፋት አለበት። ለሰሚው ያስቃል። ጠማቂ ሊሆን አራት ዓመት የሚማር ልጅ የሚጠምቀውን ሳይቀምስ ትምህርቱን ያጋምስ ማለት ግን የባሰ ያስቅ ነበር።

ሕጉ ከሚመለከታቸው ትምህርት ቤቶች ስመ ጥሩው ከሳክራሜንቶ በስተምዕራብ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ነው። የወይን ተክል ልማትና ወይን ጠመቃ እዚያ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አለው።

የክፍሉን መወለድ ያፋጠነችው ተባይ ናት። ፊሎክሴራ ትባላለች፤ የክሽክሽ ዘመድ ስትሆን ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። የፈረንሳይን ወይን ሥር ሥሩን መጥጣ ካደረቀች በኋላ በካሊፎርኒያም ስለታየች፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1880 ዩኒቨርሲቲው ስለ ወይን እንዲያጠናና እንዲያስተምር በሕግ አዘዘ። ሥራውን በዩኒቨርሲቲው የበርክሌይ ቅርንጫፍ የጀመረው ጀርመን የተወለደው የአፈር ሊቅ ዩጂን ሂልጋርድ ነበር። ከ1920 እስከ 1933 አልኮል በመላ አገሪቱ ሲታገድ የጠመቃው ጥናት ተቋረጠ፤ እገዳው ከተነሣ በኋላ ክፍሉ በ1935 በዴቪስ እንደገና ተቋቋመ።

ያን ጊዜ ገበሬው የሚጠይቀው ምን ዓይነት ወይን የት ልትከል የሚል ነበር። የክፍሉ ምሁራን አልበርት ዊንክለርና ሜይናርድ አመሪን የሰጡት መልስ ቀላል ስሌት ነው። ወይን ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አያድግም፤ ስለዚህ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ የየቀኑ አማካይ ሙቀት ከ10 ምን ያህል እንደሚበልጥ ይደመራል። በድምሩ መሠረት ካሊፎርኒያን ከቀዝቃዛው እስከ ሞቃቱ በአምስት ቀጣና ከፈሏት። ስሌቱ ታዲያ ተክሉ ብርድ ሲመጣ የሚተኛበትን አገር ታሳቢ ያደረገ ነው። በስምጥ ሸለቋችን እንደ ዝዋይ ባለ ስፍራ ወይን የሚያስተኛው ብርድ የለም፤ የተክሉን ዓመት የሚያስጀምረው የገራዡ መቀስ ነው።

የወይን ጠጅ ትምህርት ሲባል ዋንጫ ይዞ መቀመጥ የሚመስለው ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከኬሚስትሪ፣ ከባዮሎጂ፣ ከፊዚክስና ከስታቲስቲክስ ጋር ሲታገል ያሳልፋል። ከዚያ ወደ እርሻውና ወደ ጠመቃው ይሻገራል። የመኸሩ ትምህርት የሚከፈተው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ዘለላው ከማሳ በሚገባበት ሰሞን በመሆኑ ንድፈ ሐሳቡና ጥድፊያው አብረው ይመጣሉ። ተማሪው የጭማቂውን ስኳርና አሲድ ይለካል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ ሙቀቱን ይከታተላል። እርሾው ናይትሮጂን ካጠረው ይዳከማል፣ ጥንስሱም የገማ እንቁላል ይሸታል። የትምህርት ክፍሉ አዲሶቹ ጋኖች ስኳርና ሙቀቱን ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ሽታውን ግን አሁንም የሚያጣራው አፍንጫ ነው።

አፍንጫን ማስተማር የአን ኖብል ድርሻ ሆነ። በ1974 ተቀጥራ የክፍሉ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር የሆነችው ኖብል፣ ቀማሾች ወይንን «ግርማ ያለው»፣ «ጨዋ» እያሉ ሲያሞግሱ ምን እንደቀመሱ ግን እንደማይናገሩ ታዘበች። በ1980ዎቹ ያዘጋጀችው ክብ ሠንጠረዥ ከመሃል «ፍራፍሬ» ወይም «ቅመም» ከሚል ጥቅል ስም ይነሣና ወደ ጠርዙ ሲወጣ «እንጆሪ»፣ «ቅርንፉድ» እያለ ይዘረዝራል። ተማሪዎቹ የሚለማመዱት ተራ ወይን ውስጥ የፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭ ወይም ቅርንፉድ ተዘፍዝፎ፣ ምን እንዳለበት ሳያዩ እያሸተቱ ነው። ወጥ አሽትታ ኮረሪማው ማነሱን ለምታውቅ ባለሙያ ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ ኖብል የጨመረችው ሁሉም በአንድ ስም እንዲጠራው ማድረግን ነው።

ዴቪስ ሁልጊዜ ልክ አልነበረም። ፊሎክሴራን ለመከላከል ወይን የሚተከለው ተባዩን በሚቋቋም ሌላ ዝርያ ሥር ላይ ተከትቦ ነው። የዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች ምርታማነቱን አይተው ኤ-ኤክስ-አር-1 የተባለውን ሥር ለዓመታት መከሩ። ይህ ዲቃላ አንድ ወላጁ ለተባዩ የማይበገር አሜሪካዊ፣ ሌላው የሚበገር አውሮፓዊ ሲሆን በሌሎች አገሮችም ቀድሞ ከድቶ ነበር። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ የናፓና የሶኖማ የወይን እርሻዎች መድረቅ ጀመሩ። ሰፊ መሬት ተነቅሎ እንደገና ተተከለ፤ ወጪውም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ሆነ። ስለ ሥር የሚነገር ማንኛውም ትምህርት ዛሬ ይህን ታሪክ ሳይነካ ማለፍ ይከብደዋል።

ክፍሉ የዘር ምርምርም ያካሂዳል። በ1997 ካሮል ሜሬዲዝና ጆን ባወርስ በዘረመል ምርመራ ዝነኛው ካበርኔ ሶቪኞን የካበርኔ ፍራንና የሶቪኞን ብላን ልጅ መሆኑን አሳዩ፤ ቀይ ወይን ከነጭ መወለዱ ብዙዎችን አስገረመ። አንድሪው ዎከር ደግሞ የተክሉን የውሃ ቧንቧ የሚዘጋውን የፒርስ በሽታ ሊያሸንፍ ተነሣ። በሽታውን የሚቋቋም የዱር ወይን ከአውሮፓው ወይን ጋር አዳቀለ፣ ልጆቹን መልሶ ከአውሮፓው ጋር፣ ደግሞም መልሶ። በ2019 መጨረሻ ሦስት ቀይና ሁለት ነጭ፣ አምስት ዝርያ ይፋ አደረገ። ከ90 በመቶ በላይ ዘራቸው የአውሮፓው ወይን ነው፤ የዱሩ ዘመዳቸው ያወረሳቸው በዋናነት በሽታውን መቋቋሙን ነው።