አልከፈት ያለ ዲስክ፦ ከጥገናው በፊት ቅጂው

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚገኙ በርካታ ተማሪዎችና መምህራን የሥራቸውን ፍሬ የሚያኖሩት ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ አንዲት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበ መረጃ፣ ከአረጋውያን የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሁሉ እዚያው ይከማቻል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ አንሥቶ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ በነበረበት ወቅትም ፋይል ከከተማ ወደ ከተማ ሊሄድ የሚችለው በሰው እጅ ነበር።

ይህች ዲስክ አንድ ቀን ከኮምፒውተር ጋር ስትገናኝ መብራቷ ይበራል፤ ነገር ግን አትከፈትም። ወይም ኮምፒውተሩ «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ» ይላል። በዚህች ቅጽበት መረጃው አብዛኛውን ጊዜ ገና አልጠፋም። የሚጠፋው ባለቤቱ ተደናግጦ በቀጣዮቹ ደቂቃዎች በሚወስደው እርምጃ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የዲስኩን አሠራር፣ ቀጥሎም የብልሽቱን ምንጭ ለይቶ የማወቂያውን ቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የዲስኩ ውስጣዊ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1956 አይ-ቢ-ኤም ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የምንይዘው ዲስክ በመሠረቱ የዚያው ዘር ነው። በውስጡ ከብርጭቆ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠሩ፣ እጅግ ስስ በሆነ መግነጢሳዊ ሽፋን የተለበጡ ሳህኖች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የሳህኑ ዲያሜትር 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በጠርዙ ላይ ያለች ነጥብ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች።

መረጃውን የሚያነብበውና የሚጽፈው ራስ በዚህ ሁሉ ፍጥነት መካከል ሳህኑን አይነካውም። ሳህኑ ሲሽከረከር ይዞት የሚዞረው አየር ከራሱ በታች ይገባና በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ አንሳፍፎ ይይዘዋል። የሰው ጠጉር ውፍረት 70,000 ናኖ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ የክፍተቱን ጥበት እንረዳለን። ራሱ የሳህኑን ጥቃቅን መግነጢሶች የሚያነብበው በኤሌክትሪክ ተቃውሞ ለውጥ አማካይነት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ንባብ በር የከፈተውን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1988 በየፊናቸው ያገኙት አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

የአየሩ ትራስ ከከፍታ ጋር ግንኙነት አለው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአራት አምስተኛ ያንሳል። አምራቾች በሥራ ላይ ላለ ዲስክ በተለምዶ የሚፈቅዱት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በነቀምቴም ሆነ ከእርሷ ከፍ ብላ በምትገኘው በሻምቡ በዚህ ረገድ ሥጋት የለም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በቱሉ ወለል ተራራ አናት ላይ ግን ዲስክ ማስነሣት ከተፈቀደው ወሰን መውጣት ነው።

ይበልጥ የሚያሠጋው ምት ነው። ዲስኩ ሲዘጋ ራሶቹ ከሳህኑ ወርደው በማረፊያቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በልብስ ተጠቅልሎ በቦርሳ ውስጥ ሊጓዝ ይችላል። እየተሽከረከረ ሳለ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ግን ራሱ ሳህኑን ይመታል፤ የተፋቀውም ሽፋን ብናኝ ሆኖ ሌላውን ክፍል ይፍቃል።

«ተከፈተ» ማለት ምን ማለት ነው?

ኮምፒውተር ዲስክን ከፈተ የምንለው ሦስት ነገሮች በተከታታይ ሲሳኩ ነው። አንደኛው መንገዱ ነው፤ ኃይልና መረጃ በገመዱ በኩል በሚገባ መተላለፍ አለባቸው። ሁለተኛው አካሉ ነው፤ ሞተሩ መሽከርከር፣ ራሶቹም ማንበብ አለባቸው። ሦስተኛው ካርታው ነው፤ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለና የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያመለክተው መዝገብ ጤናማ መሆን አለበት። በአሮጌው አሠራር የክፍፍሉ ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ሴክተር፣ ማለትም በ512 ባይት ውስጥ ብቻ ይመዘገባል። ጂ-ፒ-ቲ በተባለው በአዲሱ አሠራር ግን ሁለተኛ ቅጂው በዲስኩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ካርታው ቢቀደድ ሀገሩ ከቦታው እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ይህ ሰንጠረዥ ቢበላሽም ፋይሎቹ በሳህኑ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ከመንገዱ እንጀምር። አነስተኛው ዲስክ ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ከዩ-ኤስ-ቢ ገመድ ነው። ሁለተኛው የዩ-ኤስ-ቢ ትውልድ በደንቡ መሠረት እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ሳህኖቹ ከእረፍት ሲነሡ ግን ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ አንድ አምፔር የሚጠጋ ሊፈልግ ይችላል። የገመዱ ተቃውሞ 0.5 ኦም ነው እንበል፤ በኦም ሕግ መሠረት 0.9 አምፔር ሲያልፍበት 0.45 ቮልት ይወድቃል፤ ከምንጩ የተነሣው 5 ቮልት ዲስኩ ዘንድ የሚደርሰው 4.55 ቮልት ሆኖ ነው። ሞተሩ ለመነሣት ይሞክራል፤ ይወድቃል፤ እንደገና ይሞክራል። ስለዚህ በቅድሚያ ገመዱን በአጭርና ጤነኛ በሆነ ገመድ መለወጥ፣ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ በስተኋላ ባለው ሶኬት መሰካት፣ ከተቻለም በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ይገባል። የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቅ ዲስክ ከሆነ በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማመሳከር ያስፈልጋል። 12 ቮልት ለሚፈልግ ዲስክ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ የላፕቶፕ 19 ቮልት መሰካት የዲስኩን ሰሌዳ ያቃጥላል።

ቀጥሎ አካሉን እንመርምር፤ ለዚህም የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። ለስላሳና የማይቋረጥ ሽውታ ጤነኛ ምልክት ነው። በእኩል ጊዜ የሚደጋገም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ራሶቹ ቦታቸውን ማግኘት እንዳቃታቸው ይጠቁማል። ጤነኛ ገመድ ተሰክቶለት ሳለ ሳይሽከረከር ጢጥ የሚል ከሆነ ሞተሩ ወይም ራሶቹ ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ዲስኩን ወዲያው መንቀል ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ሳህኑ ሊፋቅ ይችላልና።

ድምፁ ጤናማ ከሆነ በዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» የተባለውን ገጽ ከፍቶ ማየት ነው። የዲስኩ ትክክለኛ መጠን ከታየ መንገዱ ሠርቷል፤ አካሉም ቢያንስ መልስ ይሰጣል። ዲስኮች ስለ ራሳቸው ጤና የሚመዘግቡት «ስማርት» የተባለ መዝገብም አለ። በዚያ ውስጥ በቁጥር 5፣ 197 እና 198 የተመለከቱት የተጎዱ ሴክተሮችን ይቆጥራሉ፤ በተለይም እያደጉ ከሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። በቁጥር 199 የተመለከተው ግን በአብዛኛው የግንኙነት ችግርን ያሳያል።

በመጨረሻ ወደ ካርታው እንመጣለን። ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ወይም በድንገት ቢነቀል መዝገቡ በከፊል ተጽፎ ይቀራል። ያን ጊዜ ነው «ፎርማት ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው፤ መልሱም «አይ» መሆን አለበት። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ቀላል ነው። በማክ ወይም በሊኑክስ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ላይከፈት ይችላል። ዊንዶውስ በሚገባ ሳይዘጋው የተነቀለ ዲስክንም ሊኑክስ አልከፍትም ሊል ይችላል፤ ወደ ቀድሞው ኮምፒውተር መልሶ በሥርዓቱ መዝጋት ይበቃል።

ቅጂ ይቅደም

የተጎዱ ሴክተሮች ምልክት ከታየ፣ ዊንዶውስ የሚያቀርበውን «ቼክ ዲስክ» የተባለ የጥገና ፕሮግራም ማስነሣት አይገባም። ይህ ፕሮግራም የተሠራው መዝገቡን ለማስተካከል ነው፤ ሲያስተካክልም በዚያው በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ትርጉም ያጣበትንም ሊሰርዝ ይችላል። ቀዳሚው ሥራ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ ባዶ የሚመስለውን ክፍል ሳይቀር፣ እኩል ወይም የበለጠ መጠን ባለው ሌላ ዲስክ ላይ ማውጣት ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው «ዲዲ ሬስኪው» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ስልቱም ብልኅ ነው፤ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ይዘልላል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዘለለው ይመለሳል። ምን እንደ ቀዳና ምን እንደ ቀረውም በፋይል ይመዘግባል። የዚህን ጥቅም በስሌት እንየው። አንድ ቴራ ባይት በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ቢነበብ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይወስዳል። የታመመ ዲስክ በሰከንድ አንድ ሜጋ ባይት ብቻ ቢሰጥ ግን ከ11 ቀን በላይ ይፈጃል። በእነዚህ ቀናት በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። መዝገቡ ከዲስኩ ውጭ በፍላሽ ላይ ከተቀመጠ ግን ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል።

ቅጂው ከወጣ በኋላ ዋናውን ዲስክ ማስቀመጥና በቅጂው ላይ መሥራት ነው። «ቴስት ዲስክ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም የጠፋውን የክፍፍል ሰንጠረዥ ይፈልጋል። አጋሩ «ፎቶ ሬክ» ደግሞ መዝገቡን ትቶ ፋይሎችን በመነሻ ምልክታቸው ለይቶ ያወጣል፤ ሆኖም የፋይሎቹን ስም አይመልስም።

ሊደረጉ የማይገባቸው

ዲስክን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ያድናል የሚል ወሬ አለ። ሲወጣ ግን በወለጋ ክረምት እርጥብ አየር ውስጥ ጤዛ በሳህኑ ላይ ይፈጠራል። ክዳኑን በተራ ክፍል ውስጥ መክፈትም እንዲሁ ነው፤ ራሱ ከሚንሳፈፍበት ክፍተት ጋር ሲነጻጸር የአቧራ ቅንጣት ኮረብታ ናት። ከተመሳሳይ ዲስክ ሰሌዳ ነቅሎ መግጠምም ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ምክንያቱም ሰሌዳው የዚያን ዲስክ ብቻ የሚመለከት የልኬት መረጃ በውስጡ ይይዛል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ዲስክ ውድ መረጃ ከያዘ ሳይነካ ተቀምጦ ንጹሕ ክፍል ላለው ባለሙያ መድረስ አለበት፤ የዚህ ዋጋ ግን ከአዲስ ዲስክ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ከአንድ በላይ ስፍራ

የማይሞት ዲስክ የለም፤ ስለዚህ ዋናው መከላከያ ቅጂን በተለያየ ስፍራ ማኖር ነው። ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮ ፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ሲነሡ፣ ፊልሞቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጡ ተደርጓል። በአንዱ ስፍራ ጉዳት ቢደርስ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህንኑ በሦስት ቁጥሮች ያስቀምጡታል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ በሌላ ስፍራ። ለተማሪ ይህ ከባድ ወጪ አይደለም። ሥዕልና ድምፅ የሌለበት የ100 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋ ባይት አይበልጥም። አንዱ በላፕቶፕ፣ ሌላው በውጫዊ ዲስክ፣ ሦስተኛው በራስ ኢሜይል ወይም በሌላ ከተማ በሚኖር ወንድም ወይም እኅት ፍላሽ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቅጂው በእርግጥ መከፈቱንም በየወሩ መፈተሽ ያስፈልጋል። ዲስካችሁ ዛሬ በሚገባ የሚከፈት ከሆነ፣ ይህን ለማድረግ ከዛሬ የተሻለ ቀን የለም።