የአኩሪ አተር ቅጠል፦ መጥቆር ሥራ አይደለም

አኩሪ አተር ቅጠሉ በሦስት የሚከፈል የጥራጥሬ ተክል ነው። እንደማንኛውም አረንጓዴ ተክል ብርሃን፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አዋህዶ ምግቡን ይሠራል። ብዙም የማይነገርለት የዝርያዎቹ ቅጠል በዚህ ሥራ እኩል አለመሆኑ ነው። ዶርንሆፍና ሺብልስ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ንጽጽር በጎበዙና በሰነፉ ዝርያ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ የተጠጋ ነበር። ወፍራም ቅጠል በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ብዙ ናይትሮጅን፣ እንዲሁም ካርቦን የሚይዘውን ሩቢስኮ የተባለ ፕሮቲን ያጭቃል፤ አየር የሚገባባቸው የቅጠሉ ቀዳዳዎች ብዛትና አከፋፈትም የራሱ ድርሻ አለው።

እዚህ ላይ ገበሬውም ባለሙያውም የሚስቱት ነገር አለ፦ የጠቆረ ቅጠል ሁሉ ብርቱ ይመስላቸዋል። ቅጠል ቆንጥጦ ቁጥር የሚያወጣው የእጅ መሣሪያ የሚለካው አረንጓዴነትን ብቻ ነው፤ በእሱ ተማምኖ ዝርያ ማበላለጥ ስንፍና ነው። ሥራውን መለካት የፈለገ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ የላይኛ ቅጠል በትንሽ ክፍል ውስጥ ዘግቶ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ይመረምራል፤ ከአንዱ ዝርያ የጫፍ ቅጠል፣ ከሌላው የጥላ ቅጠል ወስዶም አያወዳድርም። ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለሙ በግማሽ ያህል የቀነሰ ፈዛዛ አኩሪ አተር በአሜሪካ ኢሊኖይ ተዘርቶ የማሳው ጠቅላላ የካርቦን ገቢ እምብዛም አልጎደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በቀትር የላይኛው ቅጠል ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ይቀበላል፤ ትርፉን ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል። ደመና ሲጋርደውም መጣሉን ቶሎ አያቆምም። ይህን መዘግየት የሚያሳጥሩ ዘረመሎች የገቡለት አኩሪ አተር በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በመጀመሪያው የሙከራ ዓመት ምርቱ በአማካይ 24.5 በመቶ ጨምሯል፤ ማሳው በጋሸበበት በሁለተኛው የሙከራ ዓመት ግን ብልጫው አልታየም። (በሥሩ እባጭ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ሳያቀርቡለት ቀርተው የሚመጣ ቢጫነት ሌላ ነው፤ እሱ በእርግጥ ረኀብ ነው።)

ቅጠሉ ፈጣን የሆነ ዝርያ ሁልጊዜ ብዙ ፍሬ አይሰጥም። ፍጥነቱ በቅጠሉ ስፋትና በለምለምነቱ ዕድሜ ይባዛል። በኢትዮጵያ ከተለቀቁት መካከል አዋሳ-95 ቶሎ ይደርሳል፤ በለሳ-95 ይዘገያል፤ ስለዚህ የኋለኛው ቅጠል የሚሠራበት ቀን ይበዛል፣ ዝናቡ እስከዘለቀ ድረስ። በመተከል ያለው የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎችን በየአካባቢው ደጋግሞ የሚፈትነውም ለዚህ ነው።

መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቀው እህል በረንዳ፣ ይህ ሁሉ ልዩነት በአንድ ጆንያ «አኩሪ አተር» ይባላል። እፍኝ ዘግኖ የፍሬዎቹን እምብርት ያየ ጥቁሩን፣ ቡናማውንና ፈዛዛውን ተቀላቅሎ ያገኘዋል። ለሽሮና ለጾም ወተት ምንም አይል። ከዚያው ሸምቶ ለዘር የሚወስድ ግን ማሳው እኩል አይደርስለትም፦ የሚዘገየው ዝርያ ገና ቅጠሉን ሳያረግፍ ቶሎ የደረሰው ቆባው ተሰንጥቆ ፍሬው መሬት ይበተናል።