ተጨማሪ መረጃ፦ ከነልጅነቱ የሚጎለምሰው ሳላማንደር

በክረምት የአብደራፊ ዋልካ መሬት ውሃ ሲያቁር፣ ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት ልጆች ሲርመሰመሱ አይታችኋል? መጀመሪያ በስንጥብ ይተነፍሳሉ፤ ኋላ እግር ያወጣሉ፣ ጭራቸው ይጠፋል፣ በሳንባ መተንፈስ ይጀምራሉ። ይህ ለውጥ ሜታሞርፎሲስ ይባላል። ኩሬው ሳይደርቅ ማለቅ ስላለበት፣ እሽቅድምድሙ ከፀሐይ ጋር ነው።

የሜክሲኮው አክሶሎትል ግን አይቸኩልም። ይህ የእንቁራሪት የሩቅ ዘመድ የሆነ ሳላማንደር፣ ላባ የሚመስለውን ውጫዊ ስንጥቡን እንደያዘ ውሃ ውስጥ ኖሮ፣ በዚያው መልኩ እንቁላል ይጥላል። የልጅነትን ቅርጽ ይዞ ለመራባት መድረስ ኒዮተኒ ይባላል። (ከሰሃራ በስተደቡብ በዱር የሚኖር ሳላማንደር የለምና ኩሬያችሁ ውስጥ አትፈልጉት!)

የሜታሞርፎሲስ ቁልፍ ያለው አንገት ላይ በሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው። እ.ኤ.አ. በ1912 ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ ታይሮይድ ያበላቸው የእንቁራሪት ልጆች ያለጊዜያቸው ተለውጠው እጅግ ጥቃቅን እንቁራሪቶች ሆኑ። አክሶሎትልም የዕጢውን ሆርሞን ሲያገኝ ስንጥቡን አጥቶ የየብስ እንስሳ ይሆናል።

ሞክሩ፦ ዝናብ ሲጀምር አንድ ኩሬ ምረጡ። የእንቁራሪት ልጆቹን በየሦስት ቀኑ እያያችሁ በደብተራችሁ ሳሉ። ቀድሞ የሚወጣው የፊት እግር ነው ወይስ የኋላ?