ከጄምቤው በፊት ደወሉ

ለልጁ የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ ሊገዛ የተነሣ ወላጅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጄምቤ ላይ ነው። ወገቡ ቀጠን፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ በገመድ የተጠላለፈ ውብ ከበሮ ነው፤ ያየው ሁሉ እጁን ሊያሳርፍበት ይፈልጋል። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ "ለስድስት ዓመት ልጅ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን?" የሚል ነው። መጠኑ ቁም ነገር ስለሆነ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከመጠኑ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ልጁ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የትኛውን ድርሻ ይያዝ?

ጄምቤ የጊኒና የማሊ አካባቢ የማንዴ ሕዝቦች መሣሪያ ነው። በሠርግ፣ በግርዛት ወይም በአዝመራ ጊዜ ሲመታ ብቻውን አይሆንም። አጠገቡ ዱኑን የሚባሉ፣ በሁለቱም አፋቸው የላም ቆዳ የተወጠረባቸውና በዱላ የሚመቱ ከበሮዎች አሉ፤ ትልቁ ዱንዱንባ፣ መካከለኛው ሳንግባን፣ ትንሹ ኬንኬኒ ይባላሉ። የዘፈኑን ማንነት የሚያሳውቀው የእነዚህ የሦስቱ ንግግር ነው። ሰልጠን ያለ አድማጭ ጄምቤው ገና ሳይገባ የትኛው ምት እንደሆነ ከዱኑኖቹ ይለያል። መሪው ጄምቤ ከዚህ በላይ ሆኖ ከጨፋሪው እግር ጋር ይነጋገራል፤ ይህ ደግሞ የበሰለ ሰው ሥራ ነው።

ታዲያ ጀማሪው ሁሉ ከመሪው መሣሪያ እንዲጀምር ያደረገው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት የመድረኩ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጊኒያዊው ፎዴባ ኬይታ የመሠረተው ሌ ባሌ አፍሪካን የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ይህን ሙዚቃ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች አሳየ። ጊኒ በ1958 ነፃ ከወጣች በኋላም መንግሥቱ እንዲህ ያሉ ቡድኖችን የአገር ገጽታ አድርጎ ደገፋቸው። ከዚያው ባህል የወጣው የጄምቤ ተጫዋች ማማዲ ኬይታ በ1991 ብራስልስ ላይ ታም ታም ማንዲንግ የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪዎቹም በብዙ አገር ተበተኑ። መድረክ ብቸኛውን ተጫዋች ወደ ፊት ያወጣል። ገበያውም ከፊት የታየውን መሣሪያ አባዝቶ ሸጠ፤ ከኋላ የቀሩት ዱኑኖች፣ ደወሎችና ጨሌ የለበሱ ቅሎች ግን ለገዢው እንደ ማሟያ ቀረቡለት።

ማሟያ አይደሉም። ይህን ለማየት በደቡብ ምሥራቅ ጋናና በቶጎ የሚኖሩትን የኤዌ ሕዝቦች ሙዚቃ መመልከት ይበቃል። እዚያ ሁሉም ሰው ጆሮውን የሚጥለው ጋንኮጉዊ በሚባል፣ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ሁለት አፍ ባለው የብረት ደወል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመታውን ስልት አሁኑኑ በእጃችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። እስከ 12 በእኩል ፍጥነት ቁጠሩ፤ በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ6፣ በ8፣ በ10 እና በ12 ላይ አጨብጭቡ፤ ሳታቋርጡ ወደ 1 ተመለሱ። 5 እና 6 ላይ፣ እንዲሁም 12 ላይና ተመልሶ በሚመጣው 1 ላይ ጭብጨባው ይጠጋጋል፤ በቀረው ቦታ አንድ አንድ ቁጥር ይዘላል። አሁን ደግሞ በእግራችሁ 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ርገጡ። እጅና እግር የሚገናኙት 1 እና 10 ላይ ብቻ ነው፤ ሙዚቃው የሚንቀሳቀሰው ከዚህ መሳሳብ የተነሣ ነው። ይህ ስልት በሰውነቱ ውስጥ የገባ ልጅ የትኛውም ከበሮ ቢሰጠው ቦታውን አይስትም።

እዚህ ላይ የእኛ ልጆች ጥሩ መነሻ አላቸው። በችክችካ ዘፈን ያደገ ጆሮ ምቱን ሦስት ሦስት አድርጎ መስማት አዲስ አይሆንበትም። ከዋሽንግተን እስከ ስቶክሆልም በትምህርት ቤት የጄምቤ ክፍል የሚገባ የሐበሻ ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚሄደው ሀብት ስለሆነ ወላጁ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ወደ ግዢው ስንመለስ፣ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከበሮ ሳይሆን የሚንሿሿ ነገር ይገዛ። የዮሩባዎቹ ሸከሬ ከውጭ በጨሌ መረብ የለበሰ ቅል ነው፤ የኤዌዎቹ አኻትሴ ደግሞ አነስ ያለ ዘመዱ ነው፤ ተቀምጠው አንዴ ጭን፣ አንዴ መዳፍ ላይ እየመቱ ይጫወቱበታል። ስትገዙ መረቡን ጎትቱት። ክሩ የሳሳ ከሆነ ጨሌው ተበጥሶ ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባልና ተዉት። ቅል ከወደቀ ይሰነጠቃል፤ ለትንንሾች የፕላስቲኩ ይሻላል። ሰባት ዓመት ገደማ ለሞላው ደግሞ አሳላቶ አለ፤ በውስጣቸው ፍሬ ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ቅሎች በአጭር ገመድ ተያይዘው በአንድ እጅ የሚወዛወዙበት፣ የጋና ልጆች ሲጫወቱበት የኖሩት ነገር ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ልጅን ግን ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

የመጀመሪያው ከበሮ በዱላ የሚመታ ቢሆን እመርጣለሁ። ኬንኬኒ በመጀመሪያው ምት ትክክለኛ ድምፁን ይሰጣል፤ መዳፍ አያምም፤ ድርሻው አጭርና ተደጋጋሚ ነው። ካልተገኘ፣ ቤታችሁ ለሠርግና ለበዓል የሚወጣ ከበሮ ካለ የኬንኬኒን ድርሻ ይችላል።

አሁን ወደ ጄምቤው። ጄምቤ ሦስት መሠረታዊ ድምፆች አሉት። መዳፍ መሀሉ ላይ አርፎ ወዲያው ሲነሣ ወፍራሙ ይወጣል፤ ጣቶች ተጋጥመው ጠርዙ አጠገብ ሲያርፉ ክቡ ድምፅ፤ ጣቶች ላላ ብለው ጫፋቸው ሲመታ ደግሞ ስለታሙ። ወፍራሙን ድምፅ የሚሠራው ቆዳው ብቻ አይደለም፤ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ከታች ባለው ክፍት አንገት ሲወጣና ሲገባ ነው፤ በጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንደሚያንጎራጉረው ማለት ነው። እኛ የምናውቀው ከበሮ ሁለቱም ጫፉ በቆዳ የተዘጋ ነው፤ ጄምቤ ግን ታቹ ክፍት ስለሆነ መሬት ላይ ገጥሞ ከተቀመጠ ይታፈናል። ወንበር ላይ ተቀምጦ በጉልበት መሀል ይዞ ወደ ፊት ማዘንበል ያስፈልጋል።

ከዚህ የተነሣ አፉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው የስጦታ ዕቃ ጄምቤ ለልጅ የተሠራ ቢመስልም ልጅን አያስተምርም። ሆዱ ጠባብ ስለሆነ ወፍራም ድምፅ የለውም፤ የትም ቢመታ አንድ ዓይነት ይጮኻል፤ ልጁም ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ላለው አፉ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 50 አካባቢ የሆነ ይበቃል። ከዚያ በላይ ላለ ልጅና ለአዋቂ ጀማሪ አፉ ከ30 እስከ 33፣ ቁመቱ 60 ገደማ ነው። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ዳኛው አካሉ ነው። ልጁ ተቀምጦ ከበሮውን ሲያዘነብል አፉ ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ትከሻው ሳይነሣ መዳፉ መሀሉ ላይ መድረስ አለበት። ጠርዙንም በጣታችሁ ዳስሱት፤ ስል ከሆነ የልጅ ጣት ያቆስላል።

ቆዳውን በሚመለከት ለትምህርት ቤትና ለትንንሽ ልጆች ሰው ሠራሹን እመክራለሁ፤ እርጥበት አያላላውም፣ ሙቀት አይሰነጥቀውም። የፍየል ቆዳ ድምፁ የበለጠ ለዛ አለው፤ አዲስ ሲሆን ግን እየላላ ስለሚሄድ ገመዱን እንደገና መወጠር ይጠይቃል። ሻጩን "ሲላላ ማን ያጠብቅልኛል?" ብላችሁ ጠይቁት። በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ። ወላጆችን የሚያስፈራ ሌላም ነገር አለ፦ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ጥሬ ቆዳ ይፍቅ የነበረ ከበሮ ሠሪ በአባ ሰንጋ ታሞ ነበር፤ ድኗል። የተጠናቀቀ ከበሮ በመምታት የሚመጣው ስጋት እጅግ ትንሽ ነው፤ ያልታከመ ጥሬ ቆዳ ከውጭ አስመጥቶ ቤት ውስጥ መፋቅ ግን አይገባም።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ደግሞ ለአንድ ልጅ አንድ ጄምቤ ከመግዛት አራት ቤተሰቦች ተባብረው አንድ ደወል፣ አንድ ሸከሬ፣ አንድ ኬንኬኒና አንድ ደህና ጄምቤ ቢገዙ ይሻላል። ልጆቹ በየሳምንቱ ቦታ ይቀያየሩ። ጎረቤቱ ሌላ ምት እየመታ ደወሉን ሳያዛንፍ መያዝ የቻለው ልጅ የራሱ ጄምቤ ይገዛለት፤ እስከዚያ እጁም ስለሚያድግ የትኛው መጠን እንደሚበቃው ይታወቃል።