የልብና የደም ብዛት ክኒን አዋዋጥ፦ መቸኮል የሚያመጣው ጉዳት



በየጤና ጣቢያው ከምትሠሩ ባልደረቦቻችንና ከየአጥቢያው ምእመናን ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ደም ብዛት ያለበት ሰው ራሱን ሲያመው፣ ግፊቱም ተለክቶ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ የኒፌዲፒንን ካፕሱል በጥርሱ ሰብሮ ከምላሱ ሥር ቢያደርገው አይሻለውምን?» የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ አያድርገው። ምክንያቱን ግን ማስረዳት ይገባናል፤ ልማዱ የመጣው ከሰፈር ወሬ ሳይሆን ከሐኪሞች ዘንድ ነውና።

ኒፌዲፒን፣ አምሎዲፒን፣ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። የደም ሥር ግድግዳ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሕዋስ ሲገባ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ካልሲየም የሚገባበትን በር ይዘጋሉ፤ የደም ሥሩ ይላላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ልብም ከሸክሙ ያርፋል። ደረትን አፍኖ ለሚይዘው የልብ ሕመም የሚታዘዙትም ስለዚህ ነው። በአጥንትና በወተት ካለው ካልሲየም ጋር ግን ጠብ የላቸውም፤ መድኃኒቱን ጀመርኩ ብሎ ወተት የሚተው ሰው በከንቱ ይቀርበታል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ አገሮች የኒፌዲፒን ካፕሱል ተበስቶ ወይም ተነክሶ ከምላስ ሥር ይሰጥ ነበር። ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሲወርድ ማየት ሐኪሙንም ታማሚውንም ደስ ያሰኝ ነበር። በኋላ እንደታወቀው ከምላስ ሥር ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ምራቁ ሲዋጥ ነው። ምን ያህል እንደሚያወርድም አስቀድሞ አይታወቅም። ለብዙ ዓመት ከፍ ያለ ግፊት የለመደ አንጎልና ልብ ግፊቱ በድንገት ሲወድቅበት ደም ያጥረዋል። ራስ ምታት የነበረበት ሰው አንድ ጎኑ ሽባ ሆኖ፣ ወይም ልቡ ተመትቶ ይገኛል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የጻፉ ሐኪሞች ይህ አሰጣጥ እንዲቆም የጠየቁት የደረሰውን ጉዳት ቆጥረው ነው።

ታዲያ ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ምን ይደረግ? ተቀምጦ ይረፍና እንደገና ይለካ። የዕለቱን መድኃኒት ሳይውጥ ቀርቶ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ይገኛል። ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ነፍሰ ጡር ሴት ብርቱ የግፊት ሕመም ሲይዛት በሕክምና ቤት ኒፌዲፒን ሊሰጣት ይችላል፤ እሱም ተውጦ፣ ግፊቷ በየጊዜው እየተለካ ነው እንጂ በቤት የሚደረግ አይደለም።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው መድኃኒት ሌላ ጣጣ አለው። ኒፌዲፒን በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ አንዱ ቶሎ የሚለቅ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ በዝግታ የሚለቅ። ዝግተኛው በካርቶኑ ላይ «ኤክስ ኤል»፣ «ኢ አር» ወይም «ኤስ አር» የሚል የፈረንጅ ፊደል ይኖረዋል። ለ24 ሰዓት የተመጠነ ባለ 60 ሚሊግራም ክኒን ቢሰበር፣ ቢታኘክ ወይም ቢፈጭ፣ የቀኑ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ለቁጠባ ብለው ለሁለት የሚከፍሉ አሉ፤ እባካችሁ ንገሯቸው። ከእነዚህ ክኒኖች አንዳንዶቹ ቅርፊታቸው ሳይፈጭ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ያን አይቶ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ የሚደግም አለ፤ የወጣው ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው።

አምሎዲፒን ከእነዚህ ይልቅ የዋህ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ የተለመደው መጀመሪያ 5 ሚሊግራም ነው፤ ለሸመገሉና ጉበታቸው ለታመመ ብዙ ጊዜ በ2.5 ይጀመራል፤ ከ10 ሚሊግራም አያልፍም። ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ መጨመር ስሕተት ነው። በባዶ ሆድም ሆነ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ጾምን ምክንያት አድርጎ መድኃኒት ማቋረጥም ስለዚህ አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ያንኑ ሰዓት መጠበቅ ነው። የረሳ ሰው በዚያው ቀን ሲያስታውስ ይውጠው፤ ከ12 ሰዓት በላይ ካለፈ ይተወውና የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰድ። ሁለት በአንድ ጊዜ አይዋጥም።

ቁርጭምጭሚት ሊያብጥ ይችላል። ታማሚው ኩላሊቴ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፣ መድኃኒቱንም በራሱ ይተዋል። ብዙ ጊዜ መጠኑን መቀነስ ወይም መለወጥ ስለሚበቃ ለባለሙያ ይንገር፤ እብጠቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን ያው ቀን ይታይ። «ግፊትህ ተስተካክሏል» ተብሎ የሚያቆመውም ብዙ ነው፤ የተስተካከለው እኮ በመድኃኒቱ ነው።

ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የልብን ምት ያዘገያሉ። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል በሚወስድ ሰው ላይ ከተደረቡ ልብ እጅግ ሊዘገይ፣ ሊቆምም ይችላል። ልቡ የመግፋት ኃይሉ ለደከመ ሰውም አይሆኑም። ቬራፓሚል ዲጎክሲንን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ፣ በልጅነት የቁርጥማት ሕመም ልባቸው ተጎድቶ ዲጎክሲን የሚወስዱ ወጣቶች የሚውጡትን ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ። የግሬፕፍሩት ጭማቂም የአንዳንዶቹን ኃይል ያበረታልና ይቅር።

መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ስፍራ እንድትመለከቱ በተለይ እንለምናችኋለን። ለአያት የሚበጀው አንድ ክኒን ሕፃንን ሊገድል ይችላል። አያት መሐረባቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ወይም ከትራሳቸው ሥር ሸጉጠው የሚያኖሩት ክኒን ከረሜላ ይመስላል። ሕፃኑ እንደዋጠ ከተጠረጠረ፣ ደኅና ሆኖ እየተጫወተ እንኳ ቢሆን፣ ካርቶኑን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ በዝግታ የሚለቀው ክኒን ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል።