ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ መዝገብ ስለሚይዝበት ቀላል ዘዴ

ሰው የሠራውንና ያየውን ሁሉ በልቡ ብቻ ይዞ ሊኖር አይችልም። ጧት ያየው ነገር እስከ ማታ ድረስ በሌላ ነገር ይሸፈናል፤ ቍጥሩ ይዛባል፤ ያንዱ ቀን ሥራ ከሌላው ቀን ሥራ ጋራ ይደባለቃል። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህን ስላወቁ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ይህ ምሳሌ ለታሪክ ጸሐፊና ለዳኛ ብቻ የተነገረ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንደዚህ አይደለም። ሲሚንቶ ለሚረከብ ግምጃ ቤት ጠባቂ፥ አሸዋ ለሚያመላልስ የቀን ሠራተኛ፥ አይሮፕላን ለሚጠግን መካኒክም የተነገረ ነው።

በኢትዮጵያ መዝገብ መያዝ የቈየ ልማድ ነው። በቀድሞ ዘመን ነገሥታት ለአድባራትና ለገዳማት የሰጡት ጕልት በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ፥ ከምስክሮቹ ስም ጋራ ይጻፍ ነበር። ወንጌል የት እንዳለ ሁሉ ያውቃል፤ በላዩም ሐሰት ለመጻፍ ሰው ይፈራል። ከዚህ ልማድ ዛሬም የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል፤ ይኸውም ቦታው ያልታወቀና ያልተከበረ መዝገብ ቢጻፍም እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

የሠራተኛ መዝገብ ግን በጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ከሚጻፈው የተለየ ነው። የሠራተኛው እጅ በጭቃ ወይም በዘይት ተይዟል፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ፀሐይና ዝናም አለበት። ስለዚህ መዝገቡ ሦስት ጠባይ ሊኖረው ይገባል። አንደኛ፥ በጥቂት ቃል የሚጻፍ ይሁን። ሁለተኛ፥ ሥራው ከሚሠራበት ቦታ የማይርቅ ይሁን። ሦስተኛ፥ አስቀድሞ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ የሚጻፍበት ስፍራ ይኑረው። እነዚህ ሦስቱ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውሉ ለመረዳት በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያለውን የቦሌን አካባቢ መመልከት ይበቃል፤ በዚያ የአይሮፕላን ማረፊያው፥ ግምጃ ቤቱ፥ ፋብሪካውና በመሠራት ላይ ያለው ሕንጻ ተቀራርበው ይገኛሉ።

፩ኛ። የአይሮፕላን መዝገብ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጕዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አስቀድሞ አይሮፕላኖቹ የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ግን ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ።

በዓለም ሁሉ በሚሠራበት ሥርዐት መሠረት መንገደኛ የሚያጓጕዝ አይሮፕላን ሁሉ ከራሱ ጋራ የሚዞር የጥገና መዝገብ አለው። አብራሪው በጕዞ ላይ ያገኘውን ጕድለት በአንድ ወገን ይጽፋል፤ መካኒኩ መርምሮ ያደረገውን በአጠገቡ ይጽፋል፤ ቀኑንም አክሎ ይፈርማል። ጕድለቱ ለጊዜው ሊቈይ የሚችል ሆኖ ሲገኝ እስከ መቼ መጠገን እንዳለበት ይጻፋል። ሥልጣን ያለው ሰው ካልፈረመ በቀር አይሮፕላኑ መንገደኛ ይዞ አይነሣም። በወረቀት የሚያዘው መዝገብ ግልባጭ ስላለው አንዱ ቅጂ ከአይሮፕላኑ ጋራ ሲሄድ ሌላው በምድር ይቀራል፤ አይሮፕላኑ አደጋ ቢያገኘው እንኳ የመጨረሻው ቃል አብሮት አይጠፋም። ዛሬ ብዙ አየር መንገዶች ይህን መዝገብ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መጻፍ ጀምረዋል፤ ሥርዐቱ ግን ያው ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ትናንት ያበረረው ሰው ዛሬ በሌላ አገር ሊገኝ ይችላል፤ የሚጠግነው መካኒክና ነገ የሚያበረው ሰው ከእርሱ ጋራ ፊት ለፊት ላይገናኙ ይችላሉ። በመካከላቸው የሚናገረው ያ ገጽ ብቻ ነው፤ የመንገደኞቹም ነፍስ በእርሱ ላይ ተደግፏል። ለምሳሌ «መንኰራኵሩ ጥሩ አይደለም» ብሎ መጻፍ ለመካኒኩ ምንም አይነግረውም። «ከመሬት ከተነሣን በኋላ መንኰራኵሩ ሲታጠፍ በግራ በኩል የመፋጨት ድምፅ ተሰማ፤ በማረፊያ ጊዜ ግን አልተሰማም» ቢል ግን መካኒኩ የት እንደሚመለከት ያውቃል። እንግዲህ በሥራ ላይ የሚጽፍ ሰው ያየውንና የሰማውን መጻፍ አለበት፤ ግምቱን መጻፍ ቢፈልግ ግምት መሆኑን ለይቶ ያመልክት።

፪ኛ። ያለ ወረቀት የሚያዝ መዝገብ

መዝገብ ሁሉ በቀለም አይጻፍም። በአይሮፕላን ጥገና ሥራ የታወቀ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። መፍቻውና መዶሻው የሚሰቀሉበት ሰሌዳ ላይ የየመሣሪያው ቅርጽ ይሣላል። ሠራተኛው መሣሪያ ሲወስድ በቦታው ቍጥሩ የተቀረጸበትን ትንሽ ብረት ይሰቅላል፤ ሲመልስ ብረቱን ይወስዳል። ማታ አለቃው ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ሲመለከት የትኛው መሣሪያ እንደ ጐደለና በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። በሞተር ውስጥ የተረሳ አንድ መፍቻ አይሮፕላንን ሊያጠፋ ስለሚችል፥ መሣሪያው ሁሉ ሳይገኝ ሥራው ተፈጸመ አይባልም። በዚህ መዝገብ አንድ ፊደል አልተጻፈም፤ ነገር ግን ምን፥ በማን እጅ የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ይመልሳል።

፫ኛ። ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

ኢትዮጵያዊ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ይቈጥራል። ስለዚህ እርሱ «ጧት 1 ሰዓት» የሚለውን የውጭ አገር ሰው «7 ሰዓት» ይለዋል። አብራሪዎች ደግሞ በየአገሩ ሰዓት እንዳይሳሳቱ አንድ የጋራ ሰዓት ይዘዋል፤ ይህም የጋራ ሰዓት ከውጭ አገሩ አቈጣጠር በኢትዮጵያ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፥ ያው ጊዜ በእነርሱ ዘንድ 4 ሰዓት ይባላል። እነሆ፥ አንዲት ሰዓት ሦስት ስም አላት።

በቦሌ በኩል ወደ አውሮፓ አበባ በአይሮፕላን ይላካል። አበባ የሚጭን ሾፌር በወረቀቱ ላይ «4 ሰዓት» የሚል ብቻ ቢያገኝ በኢትዮጵያ አቈጣጠር አስቦ ይመጣል፤ ይሁን እንጂ አይሮፕላኑ ከ3 ሰዓት በፊት ሄዷል። አበባውም በፀሐይ ይጠወልጋል፤ የብዙ ሰው ድካም በአንድ ያልተገለጸ ቍጥር ይጠፋል።

ቀንም እንዲሁ ነው። ከላይ የተነገረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በውጭ አገር አቈጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 1945 ነው። ስለዚህ ቍጥር ከመጻፍ በፊት በየትኛው አቈጣጠር እንደሚጻፍ በመዝገቡ ራስጌ ማመልከት ይገባል።

፬ኛ። የግምጃ ቤት መዝገብና «ምርመራ» የሚባለው ዓምድ

በመንግሥት ግምጃ ቤት ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፥ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል። ከዚህም ሌላ ዕቃው በተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ ቢን ካርድ የሚባል ትንሽ ካርድ ይንጠለጠላል፤ በእርሱም የገባው፥ የወጣውና የቀረው ይጻፋል። 60 ኵንታል ቢገባና 25 ቢወጣ የቀረው 35 ነው። ካርዱ 35 ሲል መደርደሪያው 33 ቢይዝ ጠባቂው በዚያው ቀን ያውቃል፤ ካርድ ባይኖር ግን ጕድለቱ የሚታወቀው በዓመት ቈጠራ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ማስታወስ አይቻልም።

በእነዚህ መዝገቦች መጨረሻ «ምርመራ» የሚባል ዓምድ ይገኛል። ብዙ ሰዎች ባዶውን ይተዉታል፤ እርሱ ግን የመዝገቡ መተንፈሻ ነው። ዓምዶቹን ያዘጋጀው ሰው የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልምና፥ በሌላው ዓምድ የማይገባ ነገር በዚህ ይጻፋል። 40 ከረጢት ሲሚንቶ መጥቶ 2ቱ በውሃ ረጥበው ቢገኙ በቍጥር ዓምድ 40 ይጻፋል፤ በምርመራ ዓምድ «2ቱ ሲራገፉ ረጥበው ተገኙ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያመጣውም ሾፌር ይፈርማል። ይህ አንድ መስመር ካልተጻፈ ግን ጠባቂው ለተበላሸው ሲሚንቶ ተጠያቂ ይሆናል፤ እውነተኛ ሆኖ ሳለ እንደ ሌባ ሊታይ ይችላል።

፭ኛ። በሕንጻ ሥራ ላይ

ከቦሌ እስከ ገርጂ፥ ሰሚትና አያት ድረስ በዐሥር ዓመታት ውስጥ ብዙ ሕንጻ ተሠርቷል። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቶሎ እንዳይደርቅ ለብዙ ቀን ውሃ ይጠጣል፤ ጥንካሬውም እንደ ደንቡ በ28ኛው ቀን ይለካል። የሚደግፈው እንጨት ያለ ጊዜው ቢነሣ ጣሪያው በሠራተኞች ላይ ሊወድቅ ይችላል። ታዲያ የፈሰሰበትን ቀን ሁሉም እንዲያውቀው ለማድረግ ቀላሉ መንገድ በዓምዱ በራሱ ላይ በኖራ ወይም በከሰል መጻፍ ነው። ደብተር ሊጠፋ ይችላል፤ ዓምዱ ግን ከቦታው አይሄድም፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል።

ወደ ማደባለቂያው የገባውን ከረጢት ለመቍጠር ደግሞ ጭረት ይበቃል። ለየከረጢቱ አንድ ጭረት ይጫራል፤ አምስተኛው ጭረት አራቱን አቋርጦ ይሰመራል። ማታ አምስት አምስቱን ቈጥሮ መደመር ነው። ፊደል ያልተማረ ሰውም ይህን መዝገብ መያዝ ይችላል።

የቀን ሠራተኛ ደመወዝም በመዝገብ ላይ የቆመ ነው። ካቦው የየሰዉን የሥራ ቀን በራሱ ደብተር ይጽፋል። ሠራተኛው የራሱ ደብተር ከሌለው ግን በክፍያ ቀን የካቦውን ቃል ከመቀበል በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሠራተኛው በየማታው ቀኑን፥ የሠራውን ሥራና የሥራ ባልደረባውን ስም በትንሽ ደብተር ይጻፍ፤ በሳምንቱም መጨረሻ ከካቦው ደብተር ጋራ ያመሳክር። ክርክር በወር መጨረሻ ከሚነሣ በሳምንት ቢነሣ ይሻላል፤ ሁለቱም ገና ያስታውሳሉና። ይህ ካቦውን መጠርጠር አይደለም፤ እውነተኛውን ካቦም ከሐሜት ያድነዋል።

በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች አሉ። እንዲህ ባለ ፋብሪካ ሥራ የተለመደው በየሰዓቱ የተሰፋውን ቍጥር ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ቍጥሩ በአንድ ሰዓት ቢቀንስ ወዲያው «ክር አለቀ» ወይም «መኪናው ተበላሸ» የሚል ቃል በአጠገቡ ሲጻፍ፥ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ጥፋቱም ያለ አግባብ በሰፊዋ ላይ አይጣልም።

፮ኛ። ስሕተት ሲገኝ

በመዝገብ ውስጥ የተሳሳተ ቍጥር ቢገኝ መፋቅ ወይም ገጹን መቅደድ ፈጽሞ አይገባም። በስሕተቱ ላይ አንድ ሰረዝ ብቻ ይሰመርበታል፤ ከበላዩ ትክክለኛው ይጻፋል፤ ያረመውም ሰው ስሙንና ቀኑን ያኖራል። የታረመ መዝገብ ይታመናል፤ የተፋቀ መዝገብ ግን ትክክል ቢሆንም ይጠረጠራል።

በዚህ ዘመን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሆኗል፤ የተሰበረውን ዕቃ ከመግለጽ ማሳየት ይበልጣል። ሆኖም ሥዕል ብቻውን ማን እንዳነሣውና ለምን እንዳነሣው አይናገርም፤ ስለዚህ አንድ መስመር ጽሑፍ አብሮት መሄድ አለበት።

፯ኛ። በገጠር ትምህርት ቤት

ይህን ለመማር ከተማ መሄድ አያስፈልግም። ተማሪ በደብተሩ አምስት ዓምድ ያስምር፤ እነርሱም ቀን፥ ሰዓት፥ ነገሩ፥ ቍጥሩና ምርመራ ናቸው። በዚህ ላሚቱ የወለደችበትን ቀንና በየቀኑ የታለበውን ወተት፥ ወደ ወፍጮ ቤት የሄደውን እህልና የተመለሰውን ዱቄት መመዝገብ ይቻላል። ወተቱ በአንድ ቀን ቢቀንስ በምርመራ ዓምድ «ሳር አልበላችም» ተብሎ ይጻፋል፤ የእንስሳት ሐኪምም ሲመጣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ከመገመት ይድናል።

መምህሩም በየሳምንቱ አንዱ ተማሪ የጻፈውን ለሌላው ሰጥቶ ያስነብብ። ያነበበው ልጅ የጻፈውን ሳይጠይቅ ነገሩን በትክክል መናገር ከቻለ መዝገቡ መልካም ነው፤ ካልቻለ ምን እንደ ጐደለ ሁለቱ አብረው ይፈልጉ።